አምቦ፣ ወሊሶ፣ ወንዶ ገነት ወይስ ፍልውኃ? ሙቅ ውኃ ፍለጋ ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ቀን በፍል ውኃ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይቀርባል?» ወይም «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። እርሱም ወደ ውኃው የሚገባው ማን ነው፣ ከውኃው ሲወጣስ የሚቀበለው አየር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። በቆላ ያለ ሙቅ ገንዳና በደጋ ያለ ሙቅ ገንዳ የውኃቸው ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳ ለገላ እኩል አይደሉም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እናቴን ለጉልበቷ፣ ልጆቼን ደግሞ ለዕረፍት ይዤ ከእነዚህ ቦታዎች ወደ አብዛኞቹ ስለተመላለስሁ፣ እግረ መንገዴንም ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡንና የዕረፍት ጊዜውን ለማይስማማው ቦታ ሲያወጣ ስላየሁ ነው።

የከፍታውን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 1,000 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሶደሬ በአዋሽ ወንዝ ዳር 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ ወንዶ ገነት ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ላይ ይገኛል፤ ወሊሶና አምቦ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ የአዲስ አበባው ፍልውኃ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ የወንጪ ተራራ ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሶደሬ በቀትር ከገንዳ የወጣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ወሊሶ በማለዳ ከገንዳ የወጣ ሰው ግን ጋቢ ይፈልጋል። ፍል ውኃ ዋጋው የሚታወቀው ጋቢ በሚያስፈልግበት አገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል በሚነገርበት የብርድ ወቅት ትከሻ ድረስ በሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ለምርጫ ይረዳል። በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ በመሬት ስንጥቅ በኩል ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፣ ከታች ባለው ትኩስ አለት ይሞቃል፣ ከዚያም ሌላ ስንጥቅ ሲያገኝ ማዕድን ተሸክሞ ወደ ላይ ይመለሳል። ሶደሬና ወንዶ ገነት ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ አምቦ፣ ወሊሶና ወንጪ ግን ከስምጥ ሸለቆው ተገንጥሎ ከየረር ተራራ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል በሚዘልቅ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር ላይ ይገኛሉ። በአገራችን ወደ ቆላ ሳይወርዱ በብርዳማ አየር ውስጥ ሙቅ ውኃ ማግኘት የተቻለው በዚህ መስመር የተነሣ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ከምንጩ ዐይን ላይ የሚንፎለፎል ውኃ ሙቀቱ ከገንዳው ውኃ ሙቀት ጋር ፈጽሞ ስለማይወዳደር፣ ማንም ሰው እጁን ለሙከራ ብሎ ወደ ምንጩ መስደድ የለበትም።

ለሕክምና የሚፈልግ ሰው፦ ፍልውኃ

ብዙ ሰው የአዲስ አበባውን ፍልውኃ ከጉዞ ዝርዝር ውስጥ አያስገባውም፤ ከተማ ውስጥ ስለሆነ እንደ መዝናኛ አይቆጠርም። እኔ ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ከሁሉ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ሙቅ ውኃ ለቁርጥማት የሚሰጠው ፋታ ጊዜያዊ በመሆኑ ነው። ሙቀቱ ጡንቻን ያላላል፣ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ውኃው ደግሞ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ያርፋል፤ ነገር ግን የተበላ መገጣጠሚያን መልሶ አይሠራም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ሩቅ አገር ሄዶ ሦስት ቀን ከመዘፍዘፍ ይልቅ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ለአጭር ጊዜ መታጠብ የተሻለ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚቻለው ለቤት በቀረበ ቦታ ብቻ ነው።

ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ውኃ ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሳሉ ብርዱም የማገዶ እጥረቱም አስቸጋሪ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ፊንፊኔ ይባል ወደ ነበረው ፍል ውኃ ወርደው ቦታውን በመውደዳቸው በ1879 ዓ.ም. በአካባቢው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ዛሬ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው የፍልውኃ አገልግሎት ይዞታው ገንዳ ሳይሆን የግል መታጠቢያ ክፍል ነው፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ ተራ ሲደርስ በር ዘግቶ ብቻን መታጠብ ይቻላል። ይህ በሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ትልቅ ዕረፍት ነው። በአንጻሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ስለሚታፈን አዛውንት ብቻቸውን መግባት የለባቸውም፤ ልጅ ወይም ዘመድ ደጁ ላይ ቢቆምና በየአምስት ደቂቃው ድምፅ ቢያሰማ መልካም ነው። አካባቢው በቅርብ ዓመታት በከተማ ልማት ብዙ ስለተለወጠ የትኛው ክፍል በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይበጃል። ተራራ፣ ዛፍና ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ግን ፍልውኃ መልስ አይሆንም።

ለዋናተኛ፦ አምቦ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብሎ እንደነበር አዛውንቶች ያስታውሳሉ፤ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀው ግን በጠርሙስ በሚመጣው ጋዛማ ውኃ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ሰው የሚጠጣውን የአምቦ ውኃና የሚታጠብበትን ፍል ውኃ አንድ አድርጎ ያስባል። በአካባቢው ከመሬት የሚወጡ ምንጮች በሙቀትም በማዕድንም ይለያያሉ፤ ገንዳ ውስጥ ያለን ውኃ ደግሞ ከየትኛውም ምንጭ ይምጣ ማንም ሊጠጣው አይገባም።

የአምቦ ገንዳ ጥቅሙ ስፋቱ ነው። መዋኘት የሚወድ ሰው፣ በተለይም ከጉዳት በኋላ እግሩን ወይም ወገቡን በውኃ ውስጥ ማንቀሳቀስ የታዘዘለት ሰው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። የገንዳው ውኃ ከማቃጠል ይልቅ ለብ ወደ ማለት ስለሚያደላ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይቻላል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ገንዳ የለመደ ሰው በውኃው መልክ መጀመሪያ ሊያመነታ ይችላል፤ የማዕድን ውኃ መልክ አለው፣ መልክ ስላለው ብቻ ግን ቆሻሻ ነው አይባልም። የሚያስፈልገው ገንዳው መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ ነው፤ ወደዚህ ነገር ከታች እመለስበታለሁ።

ለብዙ ቀን ዕረፍት አምቦን አልመክርም። ከተማው ሕያው የንግድና የዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኑ ጸጥታ ፈላጊውን አያረካም፤ ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ወይም ለአንድ አዳር ግን ይስማማል። ጊዜ ያለው ሰው ወደ ምዕራብ ጥቂት ገፍቶ የጉደርን ፏፏቴ ማየት፣ ወይም ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ወንጪ መውጣት ይችላል።

ለአንድ ወይም ለሁለት አዳር፦ ወሊሶ ከወንጪ ጋር

ወሊሶ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በአምቦ ርቀት ልክ ይገኛል። ሁለቱ ከተሞች በርቀትም በከፍታም መንታ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው ግን ገንዳው በሚገኝበት ስፍራ ላይ ነው። የወሊሶው ፍል ውኃ በትልልቅ ዛፎች መካከል ባለ ግቢ ውስጥ በመሆኑ፣ ነጋሽ ሎጅ የሚያርፍ እንግዳ ከመኝታው ተነሥቶ ወደ ገንዳው የሚወርደው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ከላይ ጉሬዛና ጦጣ ሲዘል ይታያል። ዳቦና ሙዝ በረንዳ ላይ ትቶ የሄደ ሰው ሲመለስ እንደማያገኘው ይወቅ፤ ጦጣዎቹ ሰውን አይፈሩም፣ ልጆችም ምግብ በእጃቸው ሊያቀብሏቸው አይገባም።

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሊሶ የወሰድኋት በኅዳር ወር ነበር። ማታ ደርሰን አደርን፤ ሌሊቱን ብርዱ በርትቶ ስለነበር ጠዋት ጉልበቷ ታስሮ ከአልጋ ለመነሣት እጄን ያዘች። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ገንዳው ስንደርስ ከእኛ ሌላ አንድ ሰው አልነበረም። ውኃው ላይ እንፋሎቱ እንደ ጉም ተኝቶ ስለነበር የገንዳው ማዶ አይታይም ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፣ በደረጃው አንድ አንድ እግር እያስገባች ወረደች፣ ውኃው ወገቧ ሲደርስ ቆም አለችና ዐይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ ውኃው ውስጥ ያለ መደገፊያ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። «ልጄ፣ ጉልበቴ የእኔ አልመስል አለኝ እኮ» አለችኝ። ከወጣች በኋላ ጋቢ ደርቤላት ፀሐይ እስኪወጣ ተቀመጥን፤ ጣቶቿ በውኃው ተጨማደው ነበር፣ እያገላበጠች አየቻቸውና ቡና ፈለገች። ጉልበቷ በማግሥቱ መልሶ ያዛት፤ ያ ጠዋት ግን የእርሷ ነበር።

የወሊሶ ሌላው ጥቅም ወንጪ ነው። ከወሊሶ 38፣ ከአምቦ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የወንጪ ተራራ አናቱ ላይ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ አለው፤ በሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል፣ በሸለቆው ውስጥም ፍል ውኃና የማዕድን ምንጭ አለ። ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከለሙት ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል። ይሁን እንጂ የወንጪ ሸለቆ ምንጮች ለአዛውንት የሚሆኑ አይደሉም፤ በእግር ወይም በፈረስ ቁልቁል ወርዶ መልሶ መውጣት ስላለ፣ ከፍታው ደግሞ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ ጉልበቱን ሊያሳርፍ የሄደ ሰው ጉልበቱን ጨርሶ ይመለሳል። እኔ የምመክረው ወንጪን በቀን፣ የወሊሶን ገንዳ በማታና በማለዳ ማድረግ ነው። ወጣቶች ብቻ ከሆኑ ግን ከወንጪ በእግር ተመልሰው ገንዳ ውስጥ እንደ መግባት ያለ ነገር የለም።

ለቤተሰብ፦ ወንዶ ገነት

ወንዶ ገነት ከሁሉ ይርቃል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ በሻሸመኔ በኩል አልፎ ከዋናው መንገድ መታጠፍ ስላለም፣ ለአንድ አዳር የሚሄዱበት ቦታ አይደለም፤ ሦስት ቀን የሌለው ሰው መንገዱን ብቻ ለምዶ ይመለሳል። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የቅዳሜ ጉዞ ነው።

ቦታው በጥንት እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የሰመጠው የሐዋሳ ገበቴ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ከኋላ በደን የተሸፈነ ተራራ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ቡና፣ እንሰትና ሸንኮራ አገዳ የሞላበት ሜዳ ይታያል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ የነበረ ሲሆን፣ ማረፊያውን ለረጅም ዘመን ያስተዳደረው ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ነው። ምንጩ ከገንዳው በላይ ባለው ኮረብታ ይፈልቃል፤ እዚያ ያሉ ልጆች ድንችና በቆሎ በውኃው ቀቅለው ለእንግዳ ያቀርባሉ። ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ ያስታወሱት ገንዳውን ሳይሆን ከምድር በወጣ ውኃ የበሰለውን ድንች ነበር፤ ልጣጩን በጣታቸው እየላጡ «እሳቱ የት ነው ያለው?» ሲሉ ያመሻሉ። ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ ግን በዚያ ኮረብታ ላይ የልጁን እጅ መልቀቅ የለበትም፤ የሚንተከተከው ውኃ ዙሪያ መሬቱ ያዳልጣል።

የወንዶ ገነት አየር መካከለኛ በመሆኑ ልጅ ከውኃ ሲወጣ አይንቀጠቀጥም፤ ለዚህ ነው ለቤተሰብ የምመርጠው። በተጨማሪም ከውኃ ውጪ የሚሠራ ነገር አለ፤ የደን ኮሌጁ አካባቢ በእግር መንሸራሸር፣ ጉሬዛ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ መመልከት፣ ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ደኑ መውጣት ይቻላል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በወንዶ ገነት አካባቢ ቀዝቃዛ ወንዞችና ጅረቶች ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው የሚተላለፈው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ቀዝቃዛ ውኃ በኩል ስለሆነ፣ ልጆች ከፍል ውኃው ገንዳ ወጥተው ወንዝ ውስጥ እንዲንቦራጨቁ መፍቀድ አይገባም። ይህን ሳያውቁ ልጆቻቸውን በደስታ ወንዝ ውስጥ የሚለቁ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ወንዙ ያምራልና አይፈረድባቸውም።

ሶደሬን በዝርዝር የማላነሣው ተራራ ስላልሆነ ነው። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ለብዙ ሰው ሊደርስበት ቀላሉ ፍል ውኃ ነው፤ ብርድ ለማይወድ፣ ሰው የበዛበት ደስታ ለሚፈልግ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ክረምት ከአዲስ አበባ ጨፍጋጋ ሰማይ ለመሸሽ ላሰበ ሰው ጥሩ ነው። ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር ግን መውረድ አያስፈልግም፣ አዞ አለ። በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል ላለ አንባቢ ደግሞ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ዋንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ፤ ሕዝቡ በቆየ ልማድ ለቀናት ሰፍሮ የሚታጠብበት ስለሆነ ሎጅ ለምዶ የሚሄድ ሰው ሥርዓቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ውኃው የሚገባው ማን ነው?

ከላይ የጠቀስሁት ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ውኃው ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ከሆነ አብዛኛው ጤነኛ ሰው ሳይቸገር ሊቆይበት ይችላል፤ ከ38 እስከ 40 ሲሆን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ40 በላይ የሆነ ውኃ ውስጥ መቆየት ጀግንነት አይደለም። በገበያ የሚሸጥ ተራ የውኃ ቴርሞሜትር በቦርሳ ይዞ መሄድ ከብዙ ክርክር ያድናል፤ ከሌለ በክርን መለካት ይቻላል። የስኳር ሕመምተኛ ግን በእግሩ ለክቶ አይግባ፤ በሽታው የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሳይታወቀው ሊቃጠል ይችላል። እኔ ያየሁት አንድ አባት እግራቸው ተልጦ ያወቁት ካልሲ ሊያጠልቁ ሲሉ ነበር።

ሙቅ ውኃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ዝቅ ይላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከገንዳ ብድግ ብሎ ሲነሣ ሊያዞረው ይችላልና በደረጃው ላይ ጥቂት ተቀምጦ ይነሣ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሂድ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ የሰውነቷን ሙቀት ከሚያንር ውኃ መራቅ አለባት። ሕፃናት ከአዋቂ ፈጥነው ስለሚግሉ ለእነርሱ ለብ ያለው የገንዳ ዳር ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መጠጥ ጠጥቶ ፍል ውኃ መግባት ደግሞ ለማንም አይሆንም፤ በበዓል ሰሞን በየገንዳው ዳር የሚደረደረውን ጠርሙስ ሳይ ሁልጊዜ እሰጋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በኬሚካል ባልታከመ ሞቃት ውኃ ውስጥ ናይግሌሪያ ፎውለሪ የሚባል አሜባ ሊኖር ይችላል፤ የሚያጠቃው እጅግ ጥቂት ሰው ቢሆንም ሲያጠቃ ግን ገዳይ ነው፣ የሚገባውም በአፍንጫ በኩል ነው። ስለዚህ በፍል ውኃ ውስጥ ራስን ማጥለቅ፣ ከከፍታ መዝለልና ልጆችን ማስጠለቅ ይቅር። ሁለተኛው የመጠጥ ጉዳይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውኃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ ስለዚህ «ለሆድ ይበጃል» ተብሎ በጀሪካን ቀድቶ ወደ ቤት መውሰድ መልካም ልማድ አይደለም።

ለጸበል የሚሄድ ሰው የሚመራው በእምነቱና በካህናቱ ሥርዓት በመሆኑ ይህ መመሪያ እርሱን አይመለከትም። በአንድ ስፍራ ጸበልና ፍል ውኃ ጎን ለጎን ሲገኙ ግን ለመዝናናት የሄደው ሰው ድምፁን ዝቅ፣ ልብሱን ሥርዓት ማስያዝ ይጠበቅበታል። በሁለቱም በኩል የሚሄድ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ እለምናለሁ።

መቼ ይኬዳል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለአምቦም ለወሊሶም ይሻላል፤ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ብርዳማ ስለሆነ ውኃው ይፈለጋል። ክረምት ላይ ጭቃውና ዝናቡ ወንጪን ያከብደዋል። ከወሩ ይልቅ ግን የሳምንቱ ቀን ይበልጣል። በዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። አንድ ጊዜ ሕዝቡ ይቀንሳል ብዬ እናቴንና አክስቴን ይዤ በሳምንቱ መጀመሪያ ወደ አንድ ገንዳ ሄድሁ። ስንደርስ ገንዳው ተራቁቶ ሁለት ሠራተኞች ወለሉን በመጥረጊያ ይፈትጉ ነበር፤ የቅዳሜና የእሑድ እንግዳ ያቆሸሸው ውኃ ተለቅቆ አዲሱ ገና ሊሞላ ነው። ውኃው እስኪሞላ አንድ ቀን፣ እስኪበርድ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንደሚፈጅ ነገሩን። አክስቴ የዋና ልብሷን ከሻንጣ ሳታወጣ በማግሥቱ ተመለስን። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ደውዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ከመያዜ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ገንዳው የሚለቀቀው በየትኛው ቀን ነው፣ ሞልቶ የሚያልቀው በስንት ሰዓት ነው፣ ለሴቶች ወይም ለቤተሰብ የተለየ ሰዓት ወይም ክፍል አለ ወይ? ውኃው በተለወጠ ማግሥት የሚደርስ እንግዳ ከሁሉ የታደለ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚደርሰው ደግሞ የሌላውን ሰው ላብ ይታጠባል።

የመንገድ ሁኔታ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚለዋወጥ፣ በሚሄዱበት ከተማ ለሚኖር ሰው በማለዳው ደውሎ መጠየቅ፣ ጉዞውንም በቀን ብርሃን ማድረግ ያስፈልጋል። ዕቃ ሲያሰናዱ ከፎጣ ሌላ የማያዳልጥ ነጠላ ጫማ፣ ብዙ የመጠጥ ውኃ፣ ለአዛውንት የሚሆን በርጩማና ጋቢ ይያዝ። የብር ሐብልና መስቀል ግን ከቤት ቢቀር ወይም ከመግባት በፊት ቢወልቅ ይሻላል፤ የድኝ ሽታ ያለው ውኃ ብርን ያጠቁራል። ከውኃው ከወጡ በኋላ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ ገላን አድርቆና ለብሶ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ደንብ ነው፤ በተለይ ሾፌሩ። ሙቅ ውኃ እንቅልፍ ያመጣል፣ የአምቦም የወሊሶም መንገድ ደግሞ መኪና ይበዛበታል፤ እኔ ከገንዳ የወጣ ሾፌር ቡናውን ሦስተኛ እስኪጠጣ ድረስ ቁልፉን ይዤ እቆያለሁ።